የቤይሩት ደመወዛችንን ማን ይጠይቅልናል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ሰሞኑን በሰፈራችን ወደ አረብ አገር ለመሄድ የሚመዘገቡ ልጆች በዝተዋል። አሻራ ይሰጣሉ፣ ሥልጠና ይገባሉ፣ የጤና ምርመራ ያደርጋሉ። እኔ አትሂዱ ብዬ አልከለክልም። በየቤቱ ያለውን ችግር ስለማውቅ አፌን ሞልቼ ቅሩ ማለት አልችልም። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። በኮሮና ጊዜ ባዶ እጃችንን የተመለስን ሴቶች ብዙ ነን። ሠርተን ያልተከፈለን ደመወዝ አለ። እስከ ዛሬ የሚጠይቅልን አልተገኘም። አዲሶቹ ሲሸኙ የኛም ሒሳብ አብሮ ይነሳ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ወደ ቤይሩት የሄድኩት በ2009 ዓ.ም ነው። ያኔ መንግሥት ለሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን ከልክሎ ነበር። እገዳው በ2006 መጀመሪያ ላይ ወጥቶ የተነሳው በ2010 ነው። እገዳ አለ ተብሎ ግን ድህነቱ አልቆመም። ደላላውም አልቆመም። አባቴ አርፎ ታናናሾቼ ትምህርት ሊያቋርጡ ነበር። እናቴ ከዘመድ ተበደረች፣ እኔ በካርቱም በኩል ወጣሁ። መንገዱን የማያውቅ የወሎ ሰው ስለሌለ አላትተውም።

የገባሁበት ቤት መጥፎ የሚባል አልነበረም። ይህን የምለው እውነቱን ለመናገር ነው። አልተደበደብኩም፣ ምግብ አልተከለከልኩም። ማዳም በኩሽናው መሳቢያ ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያላት ትንሽ ደብተር ነበረቻት። ወር ሲያልቅ ታወጣታለች። በግራ በኩል ወሩን ትጽፋለች፣ መሐል ላይ 200 ዶላር ትላለች፣ በቀኝ በኩል እኔ እፈርማለሁ። ገንዘቡን ቆጥራ ትሰጠኝና ወዲያው ለእናቴ እልካለሁ። ዓመት ከዓመት እንዲህ ነበር የሄደው። ፓስፖርቴ ግን የገባሁ ዕለት ከእጄ እንደወጣ ቀረ። ኢቃማዬም (የመኖሪያ ፈቃዴ) እሷው ጋ ነው። ከፊል (ሠራተኛዋን በስሙ የሚያስመጣ አሠሪ) ባለበት አገር ይህ የተለመደ ነው፣ ማንም አይጠይቅም።

ችግሩ የጀመረው ከኮሮናም በፊት ነው። በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ላይ የሊባኖስ ባንኮች የሰውን ዶላር ያዙ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ለብዙ ዓመት አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ይመነዘር ነበር። ያ ፈረሰ። ማዳም መጀመሪያ በሊራ ከፈለችኝ፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ከጥር ጀምሮ ደግሞ ምንም። «ባንኩ ይከፈት፣ ቡክራ ኢንሻአላህ» ትለኛለች። ደብተሯን ግን ማውጣት አልተወችም። ወሩን ትጽፋለች፣ 200 ትላለች፣ የቀኙ ቦታ ባዶ ይቀራል። ፈርሚ አላለችኝም፣ እኔም አልፈረምኩም።

ከዚያ ኮሮና ገባ። መጋቢት 2012 ላይ አገሩ ተዘጋ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ተዘጋ። ሌላው ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ሥራ ቀንሶለት ይሆናል። ለቤት ሠራተኛ ግን ተቃራኒው ነው የሆነው። ሚስተር ቤት፣ ልጆች ቤት፣ አማቷ መጥታ ቤት። ሦስት ጊዜ የነበረው ማዕድ አምስት ጊዜ ሆነ። ከገበያ የመጣ ዕቃ ሁሉ በበረኪና ይታጠባል። ቲማቲሙ አንድ በአንድ፣ የዘይቱ ጠርሙስ፣ የዳቦው ፌስታል ሳይቀር። የበር እጀታ በየሰዓቱ ይወለወላል። ጓንት አንድ ሳጥን ተገዝቶ ነበር፣ እሱ ለእነሱ ነው። የጣቶቼ ቆዳ ተልጦ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። እሁድ ወጥቼ ቤተክርስቲያን የምስምባት፣ ከአገሬ ልጆች ጋር የምገናኝባት ሰዓትም ቀረች። «በሽታ ታመጪብናለሽ» ተባልኩ። ይህ ሁሉ ሥራ ያለ ደመወዝ ነው።

እኔ ቢያንስ ቤት ውስጥ ነበርኩ። በግንቦት መጨረሻ 2012 ላይ የሆነውን ያኔ ዜና የተከታተለ ሁሉ ያስታውሰዋል። አሠሪዎች ሴቶቹን በመኪና እያመጡ ሐዝሚየ የሚባለው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። አንዳንዷ ሻንጣዋን እንኳ አልያዘችም። ካርቶን አንጥፈው ግንብ ተደግፈው አደሩ። ከመኪና ወርዳ ማዳሟ በሩን ዘግታ ስትሄድ ቆማ የምታይ ልጅ ቪዲዮ በስልካችን ዞሯል። የወቅቱ የሊባኖስ የሥራ ሚኒስትር ላሚያ ያሚን እንዲህ ያደረጉ አሠሪዎች ከእንግዲህ ሠራተኛ እንዳያስመጡ በጥቁር መዝገብ ይገባሉ አሉ። የተወሰኑት ሴቶች ሆቴል ገቡ። ደመወዛቸው ግን የት እንደደረሰ አልሰማሁም። የሁሉም ዓይን ያረፈው በመጠለያና በአውሮፕላን ትኬት ላይ ነበር። ያ ተገቢ ነው፣ መጀመሪያ ነፍስ ነው የሚተርፈው። ነገር ግን «ስንት ወር ነው ያልተከፈለሽ? የማዳምሽ ስም ማን ይባላል? አድራሻዋ የት ነው?» ብሎ አንድ ወረቀት ላይ የሚመዘግብ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

በሐምሌ ወር ማዳም ጠራችኝና ልክፈልሽ አለችኝ። ደስ አለኝ። ደብተሯን አወጣች። የሰባት ወር ውዝፍ 1,400 ዶላር ነው። እሷ ግን በድሮው ምንዛሪ አባዛችውና 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ሊራ አለች። ያን ጊዜ በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ከ7 ሺህ ሊራ አልፎ ነበር። ያን ሊራ ይዤ ብወጣ ከ300 ዶላር የበለጠ አላገኝበትም። እንቢ አልኩ። በዶላር ነው የተዋዋልነው፣ የእናቴም ዕዳ የሚከፈለው በሊራ አይደለም አልኳት። አኮረፈችኝ። እሷም የሚያሳዝን ነገር ደርሶባታል፣ ገንዘቧ ባንክ ውስጥ ቀርቷል። ይገባኛል። ባንኩ የወሰደባትን ግን ከእኔ ጉልበት ላይ ማካካስ አልነበረባትም።

ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። የቤቱ መስታወት በሙሉ ረገፈ። ሳሎኑን ጠርጌ ሳልጨርስ ወደ ተራራው መንደራቸው ሊሄዱ ዕቃ መሸከፍ ጀመሩ። ለእኔ ቦታ እንደሌለ ነገሩኝ። ማዳም መኪና ለማስነሳት ስትወርድ መሳቢያውን ከፍቼ የደብተሯን የመጨረሻ ገጾች በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንደኛው ደብዝዟል። ሁለተኛው ግን በደንብ ይነበባል። ወሩ በአረብኛ፣ 200 ዶላር፣ ባዶ። ወሩ፣ 200 ዶላር፣ ባዶ። በዚያው ቀን እኔም በቪዲዮው እንደታየችው ልጅ ሻንጣዬን ይዤ ከመኪና ወረድኩ።

አገሬ የገባሁት በመስከረም 2013 ነው። የመመለሻ ትኬት ከ500 ዶላር በላይ ይጠየቅ ነበር። ለብዙ ወራት ሳንቲም ያልተከፈላት ልጅ ይህን ከየት ታመጣለች? ለእኔ የከፈሉልኝ በጎ ሰዎች ናቸው። ያኔ ስደተኞች ለስደተኞች የሠሩትን እግዜር ይቁጠርላቸው። «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለውን ማኅበር ያቋቋሙት በሊባኖስ ቤት የሚሠሩ የኛው አገር ሴቶች ናቸው። ምግብ አደሉ፣ የቤት ኪራይ ከፈሉ፣ ትኬት ገዙ። ማዳም ፓስፖርቴን ስላልሰጠችኝ የመጣሁት በሊሴ ፓሴ ነው። እሱም ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ነው፣ ከገባሁ በኋላ እጄ ላይ አልቀረም። ስለዚህ ቤይሩት ኖሬ እንደሠራሁ የሚያሳይ ማኅተም ያለበት አንድም ሰነድ የለኝም። ያለኝ የደብተሩ ፎቶ፣ ለእናቴ ገንዘብ የላኩበት የሐዋላ ደረሰኞችና የማዳም የድምፅ መልእክቶች ናቸው።

ከኮሮናው ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ጥቅምት ላይ ኮምቦልቻም ደረሰ። የኛ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ተረሳ። ማን ስለ ደመወዝ ያወራል? ሰው ልጁን ነው የሚፈልገው። ነገሩ ሲረጋጋ ግን እንጀራ እየጋገርኩ ለሆቴሎች ማስረከብ ጀመርኩና አንድ ቀን ሥራዬን ቀደም ብዬ ጨርሼ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ያነጋገረችኝ ልጅ በደንብ ነው የተቀበለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፣ አዳመጠችኝ።

«በየትኛው ኤጀንሲ ነው የሄድሽው እህቴ?»

በኤጀንሲ አይደለም አልኳት።

«የጸደቀ ኮንትራት አለሽ?»

የለኝም። የደብተሩን ፎቶ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው፣ በጣቶቿ እያሰፋች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ እኛ ጋ ያለው የአቤቱታ ቅጽ ኤጀንሲ ካልተጻፈበት አያልፍም።»

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። የተሰጣትን ቅጽ ነው የያዘችው። እኔን የቆጨኝ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው እኛን አለማሰቡ ነው። በእገዳው ዓመታት ከዚህ አካባቢ የወጣ ሰው ሁሉ እኮ በዚያ ቅጽ ላይ የለም።

ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ አንድ ወጣት ጠበቃ አገኘሁና ሕጉን አስነበበኝ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይባላል፣ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ጥሩ ጥሩ ነገሮች አሉት። ኤጀንሲ ፈቃድ ለማውጣት 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሒሳብ ማስያዝ አለበት። ይህ ገንዘብ የተያዘው ሠራተኛ መብቷ ሲጓደል እንዲከፈላት ነው። አሠሪው ኮንትራቱን ቢጥስ ኤጀንሲው አብሮ ይጠየቃል፣ ማለትም ማዳም ባትከፍል ኤጀንሲውን መክሰስ ይቻላል። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛ ወደ አንድ አገር የሚላከውም ኢትዮጵያ ከዚያ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ሲኖራት ነው። አሁን የሚመዘገቡት ልጆች ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ። በተለይ አብሮ ተጠያቂነቱን። ብዙዎቹ ኤጀንሲው ኤርፖርት ካደረሳቸው በኋላ ጉዳዩ ያበቃ ይመስላቸዋል።

እኛን ግን ይህ አዋጅ አይነካንም። ኤጀንሲ የለንም፣ ስለዚህ የተያዘልን ገንዘብ የለም፣ ስለዚህ አብሮን የሚጠየቅ የለም። እዚህ ላይ ነው ሕጉ ጥሎን የሚሄደው። ሲሄዱ ሕግ ጥሰዋል ይባላል። እሺ። የድንበሩ ጉዳይ የድንበር ጉዳይ ነው። ሳህን ያጠብኩት፣ ልጅ ያሳደግኩት፣ አማቷን ያገላበጥኩት ግን እውነት ነው። ያ ጉልበት በሕገወጥ መንገድ ስለመጣ ሥራ አልሆነም ሊባል አይችልም።

ጠበቃው ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ እንዳልሆነ አሳየኝ። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያጸደቀው የፍልሰተኛ ሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው መብት ስምምነት አለ። አንቀጽ 22 ከአገር የሚባረር ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ከወጣ በኋላ የደመወዝ ጥያቄውን የሚያስፈጽምበት በቂ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሠራተኛው ወረቀት ስለሌለው ብቻ ከሥራው የመነጨ መብቱን ሊያጣ እንደማይገባ ይደነግጋል። ሳነበው እንባዬ መጣ። እኛን ነው የሚያወራው። ግን ሊባኖስም ሳዑዲም አልፈረሙትም። ኢትዮጵያም አላጸደቀችውም። የሌሎቹ ይገባኛል፣ እነሱ ሠራተኛ ተቀባዮች ናቸው። ልጆቿን የምትልክ አገር ለምን ትዘገያለች? ይህን ጥያቄ ለምክር ቤት አባሎቻችን አቀርባለሁ።

የሊባኖስ ሕግ ራሱ ከድሮ ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አያውቃትም። በ1946 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋቸው በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ያስወጣቸዋል። ከፍንዳታው በኋላ አንድ ተስፋ ነበር። የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ ወጥ የሥራ ውል አወጣ። በሳምንት 48 ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ፓስፖርትን በራስ እጅ መያዝ፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ፤ ሁሉም ነበረበት። ሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች ጥቅማችን ተነካ ብለው ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤቱ ሄዱ። በጥቅምት 2013 ፍርድ ቤቱ ውሉን አገደው። እኔ ያኔ አገሬ ገብቼ ነበር። ጓደኞቼ ከቤይሩት ደውለው ሲነግሩኝ ቀኑን ሙሉ ሥራ መያዝ አቃተኝ።

ነገሩ የሊባኖስ ብቻ አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ገባ። ጂዛን አካባቢ እርሻ ላይ ፍየል ይጠብቅ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ተያዘ፣ እስር ቤት ገባ። ስለነዚያ እስር ቤቶች ሂዩማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት ጽፈዋል። ልጁ ስለዚያ ብዙ አያወራም፣ እኔም አልጎተጉተውም። እናቱ ግን ሁልጊዜ የምታነሳው ሌላ ነገር ነው። አሠሪው ደመወዙን «እኔ ጋ ይጠራቀምልህ» እያለ ይዞበት ነበር። የዓመት ደመወዝ ነው። ፖሊስ ሲይዘው ገንዘቡ እዚያው ቀረ። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 የሠራተኛ ሕጓን አሻሽላ ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኛን፣ ሾፌርን፣ አትክልተኛንና የእርሻ ሠራተኛን ከማሻሻያው ውጪ አደረገች። ከኛ አካባቢ የሚሄደው ደግሞ በብዛት ለዚሁ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰው «ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው» ይለኛል። እኔ ግን ዕዳ በጊዜ ብዛት እንደማይጠፋ የሚያሳይ ነገር አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 2015 እና 2016 ሳዑዲ ውስጥ ትልልቅ የግንባታ ኩባንያዎች ከስረው ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የፊሊፒንስ ሠራተኞች ደመወዛቸው ቀርቶባቸው ነበር። መንግሥታቸው ጉዳዩን አልተወውም። በ2022 ፕሬዚዳንታቸው ከሳዑዲው አልጋ ወራሽ ጋር ሲገናኙ ጥያቄው ተነሳ፣ ሳዑዲም 2 ቢሊዮን ሪያል ለዚህ እንደምትመድብ ተገለጸ። በ2024 የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቼካቸውን መቀበል ጀመሩ። ብዙ ዓመት ያለፈው ደመወዝ ነው። የነሱ መንግሥት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ስም ዝርዝርና የገንዘብ መጠን ይዞ ነበር። የኛ መንግሥትስ ነገ ከሊባኖስ ወይም ከሳዑዲ ባለሥልጣን ጋር ሲቀመጥ የማንን ስም ይዞ ይቀመጣል? ማንም አልመዘገበንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ከሁሉ በፊት ምዝገባውን ነው። ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ደመወዝ ተይዞበት የተመለሰ ሰው ሁሉ፣ በኤጀንሲም ይሂድ በደላላ፣ በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ አቤቱታውን ያስመዝግብ። ቅጹ ላይ የኤጀንሲ ስም ባዶ ቢሆንም ይለፍ። አሁን ተጓዦች አሻራ የሚሰጡበት የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፣ ተመላሾችንም በዚያው መመዝገብ ይቻላል። የአሠሪው ስም፣ ከተማው፣ ሰፈሩ፣ የወሩ ብዛት፣ የገንዘቡ መጠን። ማስረጃ ሲባል ደግሞ የጸደቀ ኮንትራት ብቻ አይሁን። ከፊል ፓስፖርት በሚይዝበት አገር ሠራተኛዋ ሰነድ ይዛ እንድትመጣ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የዋትስአፕ መልእክት፣ የድምፅ ቅጂ፣ እንደኔ ያለ ፎቶም ይታይ።

ሌላው ጉዳይ ውክልና ነው። አንዴ ቦሌ ከገባን በኋላ ቤይሩት ፍርድ ቤት ቆመን ልንከራከር አንችልም። ሴቶቹ ከመሳፈራቸው በፊት ለዚያ አገር ጠበቃ ውክልና ቢሰጡ ክሱ እነሱ ባይኖሩም ይቀጥላል። ወደፊት እንዲህ ያለ መዓት ሲመጣ፣ በትኬቱ ወረፋ ላይ የውክልናው ወረቀትም አብሮ ይሞላ። ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እንደገና ስምምነት ሲፈረም ወይም ሲታደስም ከአዲሱ ደመወዝ ጎን ያለፈው ውዝፍ እንዲነሳ እለምናለሁ። አገራቱ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ይህን ስል የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ። በደላላ የሄደን ሰው መርዳት ሌላው በደላላ እንዲሄድ ማበረታታት ነው ይባላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነው። ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ወረቀት የሌላትን ልጅ የሚመርጡት ባይከፍሏት የትም እንደማትደርስ ስለሚያውቁ ነው። ርካሽ የሆነችው ጠያቂ ስለሌላት ነው። ጠያቂ እንዳላት ካወቁ ግን ወረቀት የሌላትን መቅጠር አያዋጣቸውም። ደላላውም ገበያው ይቀዘቅዝበታል። ደላላን ለመቅጣት አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ፣ በዚያ ይቀጣ። እኔን በደመወዜ መቅጣት ደላላውን ምንም አይጎዳውም። እሱ ድርሻውን የወሰደው ገና ካርቱም ሳልደርስ ነው።

አሁን ለምትሄዱት እህቶቼ አንድ ምክር ልጨምር። የኮንትራታችሁን ፎቶ እናንተ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ ለእናታችሁም ለወንድማችሁም ላኩ። የገባችሁበትን ቤት አድራሻ፣ የአሠሪውን ሙሉ ስም፣ የመኪናውን ታርጋ ሳይቀር ላኩ። በየወሩ የተከፈላችሁንና ያልተከፈላችሁን ጻፉ። «ይጠራቀምልሽ» ስትባሉ እሺ አትበሉ። ገንዘባችሁን በእጃችሁ ተቀብላችሁ ወደ ቤት ላኩ።

የማዳም የመጨረሻው የድምፅ መልእክት የተላከው በ2013 ኅዳር ነው። በአረብኛ እንዲህ ትላለች፤ «ሒሳብሽን አውቃለሁ፣ አልካድኩሽም፣ ባንኩ ሲስተካከል እልክልሻለሁ።» ከዚያ ወዲህ ስልኳን አታነሳም። ይህ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። የእናቴን ዕዳ ከእንጀራው እየቀነስኩ ከፍያለሁ፣ ስለዚህ የማንንም ምጽዋት አልጠይቅም። የምጠይቀው ባለዕዳዋ ራሷ ያመነችውን ገንዘብ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም ሌላ የሚመለከተው አካል በዚሁ ጋዜጣ መልስ ቢሰጠን ደስ ይለኛል። አቤቱታውን የሚቀበል ክፍል ካለ የት እንደሆነ፣ ከሌለም መቼ እንደሚከፈት ይንገሩን። እዚህ ሰፈር ብቻ ከቤይሩት፣ ከጂዳና ከኩዌት የተመለሱ፣ ደረሰኛቸውን በፌስታል ቋጥረው ያስቀመጡ ሴቶችን አውቃለሁ። ቦታው ከተነገረን አብረን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የእናንተው አንባቢ
(ስሜና ስልኬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል)
ኮምቦልቻ